«እንዳትነግሯት!»

በየአበሻው ቤት የምትነገር አንዲት ቃል አለች። ጮክ ተብላ አትነገርም። በሆስፒታል ኮሪደር ጥግ ላይ፣ በስልክ እጅን አፍ ላይ አድርጎ፣ አንዳንዴም በዓይን ብቻ ትነገራለች። «እንዳትነግሯት!» ነው የምትባለው።

እናት ካንሰር ይገኝባታል፤ ልጆች ተሰብስበው «ጨጓራ ነው በሏት» ይባባላሉ። አባት ሊሞት ሦስት ወር ሲቀረው «ትንሽ ደም ማነስ ነው፤ ጉበት ይብላ» ይባላል። ታማሚው ብዙ ጊዜ ያውቃል። እንደማያውቅ ሆኖ ይሞታል፤ እኛም እንዳላወቀ ቆጥረን እንቀብረዋለን።

ዛሬ ከዚህች ቃል ጋር ጠብ አለኝ። ጠቡ የግል ስለሆነ ከራሴው ጓዳ ልጀምር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ታናሽ እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ በ41 ዓመቷ የጡት ካንሰር ተገኘባት። ሀኪሞቿ ዕድሜዋን አይተው የዘረ-መል ምርመራ አዘዙላት። ቢአርሲኤ 2 በሚባለው ጂን ላይ በውርስ የመጣ ጉድለት ተገኘ። የዘረ-መል አማካሪዋ ሁለት ነገር ጠየቀቻት። አንደኛው፣ «በቤተሰብሽ ውስጥ በካንሰር የሞተ ማን አለ?» ሁለተኛው፣ «ይህን ደብዳቤ ለእህት ወንድሞችሽ ትልኪላቸዋለሽ?»

የመጀመሪያውን ጥያቄ ይዛ እኔ ጋ ደወለች።

«ጋሼ፣ እቴቴ በምን ነበር የሞተችው?» እቴቴ የአባታችን ታላቅ እህት ናት።

«ሆዷን አሟት ነዋ!» አልኳት፣ እንደ ነገሩ።

«ሆዷን ምን?»

እኔ እንጃ! ሃምሳ ዓመት ሙሉ «ሆዷን አሟት» ብሎ ያደገ ሰው «ሆዷን ምን?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ዘመድ ማጠያየቅ ጀመርኩ። አንዷ አክስቴ «ምች ነው» አለችኝ። ሌላዋ «የሰው ዓይን ነው» አለች። ሦስተኛዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያ ክፉው በሽታ ነው፤ የማኅፀን ነገር ነው አሉ። ተወው ግን፣ ያኔም ለማንም አልተነገረም» አለችኝ። ያኔም! እቴቴ ከሞተች 30 ዓመት አልፏታል። ምስጢሩ ግን አሁንም ዘብ ቆሞለታል።

እስቲ አስቡት። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች ነን። ቅድመ አያት፣ ምንዝላት እያልን ስም እንደረድራለን። የአክስታችንን አሟሟት ግን አናውቅም። ደም እንቆጥራለን፤ ደሙ ይዞት የሚዞረውን እንደብቃለን። እህቴ ያን ዕለት ለአማካሪዋ የሰጠችው መልስ «አላውቅም» የሚል ነበር። በዲግሪ ላይ ዲግሪ የደራረበች ሴት!

ሁለተኛው ጥያቄ ደብዳቤው ነው። እሱም በኢሜይል መጣልኝ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ፍሬ ነገሩ ይህን ይመስላል፤ «እህትዎ ላይ የተገኘው ለውጥ እርስዎም ላይ የመኖር ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ወንድም ሴትም ይሸከመዋል። እርስዎ ከተሸከሙት ለእያንዳንዱ ልጅዎ የማለፍ ዕድሉም 50 በመቶ ነው።»

የ24 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። አንድ ናት።

ደብዳቤውን አትሜ አነበብኩት። አጠፍኩት። ከመሥሪያ ቤት ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከድሮ ደረሰኞች በታች ከተትኩት። እዚያ ስምንት ወር ተቀመጠ። ለባለቤቴ ደግሞ ምን አልኳት መሰላችሁ? «እንዳትነግሪያት!»

እዚህ ላይ ስለ በሽታው ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ ቢአርሲኤ 1 እና ቢአርሲኤ 2 የሚባሉ ጂኖች አሉት። ሥራቸው በየሴላችን ውስጥ የሚሰበረውን ዲኤንኤ መጠገን ነው። ሜሪ ክሌር ኪንግ የተባለች አሜሪካዊት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1990 አንደኛው የት አካባቢ እንደሚገኝ አሳየች፤ በ1994 እና በ1995 ሁለቱም ተለይተው ታወቁ። ጠጋኙ ጂን ከወላጅ ሲወረስ የተበላሸ ከሆነ ካንሰር በቀላሉ መንገድ ያገኛል። በአሜሪካ ማንኛዋም ሴት በዕድሜ ዘመኗ የጡት ካንሰር የሚይዛት ዕድል 13 በመቶ ገደማ ነው። የቢአርሲኤ 1 ጉድለት ላለባት ከ55 እስከ 72 በመቶ፣ የቢአርሲኤ 2 ላለባት ደግሞ ከ45 እስከ 69 በመቶ ይደርሳል። የሴት እንቁላል የሚፈጠርበት አካል፣ የእንቁልጢ ካንሰር አደጋም አብሮ ይጨምራል። ወንዱም አይተርፍም፤ በተለይ የቢአርሲኤ 2 ጉድለት የፕሮስቴት ካንሰርን አደጋ ከፍ ያደርጋል። ከጡት ካንሰር ሁሉ እንዲህ በቀጥታ የሚወረሰው ግን ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢሆን ነው። ስለዚህ ጎረቤታችሁ ታመመች ብላችሁ እናንተ አትደንግጡ።

አሁን ወደ ጠባችን እንመለስ። «እንዳትነግሯት» ባዮች ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ። ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ፤ ስምንት ወር ለራሴ ስደረድራቸው ከርሜያለሁና።

አንደኛው፣ «ትሰበራለች» የሚለው ነው። ጭንቀቱ ከበሽታው በፊት ይገድላታል ይባላል። ለመሆኑ ይህን ማን ለካው? የለኩ ሰዎች አሉ። አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህ ጉድለት ያለባቸውን ቤተሰቦች አባላት «ውጤታችሁን ማወቅ ትፈልጋላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1998 «ጆርናል ኦቭ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ» በተባለ የካንሰር ሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። አንዳንዱ እሺ አለ፣ አንዳንዱ እምቢ አለ። በተለይ ያዩት መጀመሪያውኑ በካንሰር ሐሳብ በጣም የተጨነቁትን ነበር። ከእነዚህ መካከል «አልፈልግም» ካሉት የድብርት ምልክት የታየባቸው 26 በመቶ ነበሩ። ከአንድ ወር በኋላ 47 በመቶ ሆኑ። ውጤታቸውን ሰምተው ጉድለቱ እንደሌለባቸው ያወቁት ቀለል አላቸው። ጉድለቱ እንዳለባቸው የሰሙትስ? ድብርታቸው አልጨመረም!

ልብ በሉ። ክፉውን ወሬ የሰሙት ባሉበት ሲቆዩ፣ ከወሬው የሸሹት ባሱ። ይህ ማለት ግን ሁሉም ሰው በግድ ይመርመር ማለት አይደለም፤ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ጭንቀት ግን ወሬ በመደበቅ እንደማይጠፋ ያሳያል። መሳቢያ ውስጥ ብትከቱትም እዚያው ሆኖ ያድጋል።

ደግሞስ እኛ ወሬ መንገር የማናውቅ ሕዝብ ነን እንዴ? መርዶ እንዴት እንደምናረዳ አስታውሱ። ሽማግሌ ይመረጣል። ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል። ሌሊት ተነስተን ገና ሳይነጋ በሩን እናንኳኳለን። ውጭ አገር ላለው ሰው ጓደኞቹ ተጠራርተው ከሥራ እስኪወጣ ይጠብቁታል፣ ምግብ ይዘው ይሄዳሉ፣ ለቀናት ብቻውን አይተዉትም። ሞትን ለመንገር ይህን ያህል ጥበብ ካለን፣ ሊድን ለሚችል ሰው እውነቱን ለመንገር አንድ ምሽት እንዴት እናጣለን? ለሬሳ የምናውቀውን ወግ ለሕያው ነፈግነው።

ሁለተኛው ምክንያት «ብታውቅስ ምን ታደርጋለች?» የሚለው ነው። ይህኛው እውነት አለበት። አገራችን ውስጥ የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር የሚሰጠው፤ ከአዲስ አበባ ውጭ የተጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። ወረፋውን የቀመሰ ያውቀዋል። የዘረ-መል ምርመራም እንደ ደም ግፊት በየጤና ጣቢያው የሚለካ ነገር አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር እንርሳ? በእኛ አገር አብዛኞቹ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ሀኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። አደጋዋን የምታውቅ ሴት እብጠት ስታገኝ «ምች ነው፣ ይተዋል» ብላ አንድ ዓመት አትጠብቅም። በአሜሪካ ጉድለቱ ላለባቸው ሴቶች የጡት ኤምአርአይ ምርመራ ከ25 ዓመት ዕድሜ ገደማ ጀምሮ ይመከራል። የልጄን ዕድሜ ነገርኳችሁ። በመሳቢያው ውስጥ የተኛው ወረቀት ብቻ አልነበረም።

የኤችአይቪን ዘመን የኖርን ሁሉ ይህን ክርክር እናውቀዋለን። «ከማወቅ አለማወቅ ይሻላል» እየተባለ ስንቱ ተቀበረ? በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መታደል ሲጀምር የምርመራው ትርጉም ተለወጠ። ሰው የሚያደርገው ነገር ሲያገኝ የማወቅ ድፍረቱ ይጨምራል። እንግዲያው ጩኸታችን «ሕክምናው ይስፋፋ!» የሚል መሆን ሲገባው፣ «ሕክምና ስለሌለ ዝም እንበል» አልን።

ሦስተኛው ምክንያት በግልጽ አይነገርም። «ዘራቸው በሽታ አለበት ከተባለ ማን ያገባታል?» የሚለው ነው። አላፍርም፣ እኔም አስቤዋለሁ። መልሴ አጭር ነው። በዘሩ ውስጥ ምንም በሽታ የሌለበት ቤተሰብ ካለ እኔ ጋ ብቅ ይበል፤ እኔ እድርለታለሁ። የልጅን ሕይወት ለባል ፍለጋ ማስያዣ ያደረገ አባት ግን ስለ ፍቅር አያውራ።

እንግዲህ እስካሁን የወቀስኩት ፍርሃት ዝም የሚያሰኘውን ነው። ፍርሃት ግን ሌላ ፊትም አለው፤ ያኛው ያጣድፋል። በዚህኛውም በኩል ዝም አልልም።

ተዋናይት አንጀሊና ጆሊ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 ቢአርሲኤ 1 ጉድለት እንዳለባትና ጡቶቿን አስቀድማ በቀዶ ሕክምና እንዳስወገደች በጋዜጣ ጻፈች። እናቷ በ56 ዓመታቸው በካንሰር የሞቱባት ሴት ናት፤ ውሳኔዋ የራሷ ነው፣ አከብራለሁ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ሳምንታት ግን በአሜሪካ የምርመራው ቁጥር 64 በመቶ ዘለለ። ይህን ያጠኑ ሰዎች በ2016 እንዳወጡት፣ ከተመረመሩት መካከል በ60 ቀን ውስጥ ጡታቸውን ያስወገዱት ድርሻ ከ10 ወደ 7 በመቶ ወረደ። አጥኚዎቹ ይህ ምናልባት የሚያሳየው በአዲሱ ሰልፍ ውስጥ አደጋቸው ዝቅ ያለ ብዙ ሴቶች መኖራቸውን ነው አሉ። ድንጋጤ አሰልፏቸዋል ማለት ነው። በሌላ በኩል መመርመር የሚገባት፣ እናቷንና አክስቷን የቀበረች ሴት፣ በዚያው ድንጋጤ ቤቷን ዘግታ ትቀመጣለች። አንድ ስሜት ነው፤ አንዷን ያስሮጣል፣ አንዷን ያስራል።

ምርመራው ደግሞ ሁልጊዜ «አለብሽ» ወይም «የለብሽም» አይልም። አንዳንዴ «ለውጥ አይተናል፤ ትርጉሙ ግን አይታወቅም» ይላል። የንጽጽር መረጃው በአብዛኛው የተሰበሰበው ከአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ስለሆነ፣ ይህ መልስ ለአፍሪካውያን ዝርያ ብዙ ጊዜ ይደርሳል። በእናቷ ለቅሶ ሰሞን፣ ዓይኗ ሳይደርቅ ተጣድፋ የተመረመረች ሴት እንዲህ ያለውን መልስ የምትሰማው «አለብሽ» ብላ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ካንሰር ለተገኘባት ሴት ውጤቱ ለሕክምና ምርጫ ስለሚጠቅም በቶሎ ያስፈልጋታል፤ ያ ሌላ ነገር ነው። ጤነኛዋ ግን አርባው ይውጣ ብትል፣ ቁጭ ብላ አማካሪ ብታናግር፣ የምታጣው ነገር የለም። ወራትን ከመሳቢያ ውስጥ ዓመታት መለየት ግን አለባት።

ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ?

ባለፈው ጥቅምት አንድ ምሽት እህቴ ደወለች። አልጮኸችም። «ጋሼ፣ እኔ እኮ እቴቴ በምን እንደሞተች ባውቅ ኖሮ በ30 ዓመቴ እመረመር ነበር» ብቻ አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁ። በማግስቱ መሳቢያውን ከፈትኩ።

ለልጄ የነገርኳት ቅዳሜ ማታ ነው። እናቷም ነበረች። እራት አልነሳንም። ደብዳቤውን ሰጠኋት። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። አለቀሰችም አልተሰበረችም አልልም፤ ያን ሳምንት በቅጡ አልበላችም፣ ክፍሏን ዘግታ ታመሻለች። እኔስ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ስምንት ወር የደበቅሁ ሰውዬ በሁለተኛው ቀን ተነስቼ፣ «በይ ነገውኑ ሄደሽ ደም ስጪ! ናሙና ወደ ውጭ የሚልክ ላቦራቶሪ አግኝቻለሁ» አልኳት። ትናንት ለእሷ ብዬ ዝም አልኩ፤ ዛሬ ለእሷ ብዬ አጣደፍኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

«አባዬ፣ ደብዳቤውን በደንብ አንብበኸዋል?»

«እንዴታ!»

«ከአንተ ካላለፈ እኮ እኔ ጋ ሊደርስ አይችልም። መጀመሪያ መመርመር ያለብህ አንተ ነህ።»

ክው አልኩ። ስምንት ወር ያንን ወረቀት ስንት ጊዜ አውጥቼ እንዳነበብኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ያ ዓረፍተ ነገር እዚያው አለ። አንድም ቀን ለራሴ አላነበብኩትም። ቀጠለችና፣

«ለመሆኑ ስምንት ወር ስትጠብቀው የነበረው እኔን ነው ራስህን?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ግን ጥያቄዋ የእኔ ብቻ አይመስለኝም። «እንዳትነግሯት» ስንል የምንከላከለው የማንን ጭንቀት ነው? የእሷን እንባ የምናይ እኛ ነን። ለጥያቄዋ መልስ የምናጣ እኛ ነን። «እኔም ይኖርብኝ ይሆን?» ብለን የምንባንን እኛ ነን። የራሳችንን ፍርሃት በእሷ ስም አስመዘገብነውና «አዘንን» አልን። ይህ አዘኔታ አይደለም፤ ስርቆት ነው። የሰረቅነውም ወሬ ብቻ ሳይሆን ውሳኔ ነው። ልትመረመር ትችላለች፣ ላለመመርመርም ትችላለች። ነገ፣ ከዓመት በኋላ፣ ከወለደች በኋላ ልትወስን ትችላለች። ጭንቀቷም የራሷ ነው፤ ከእሱ ጋር ተቀምጣ እንድትመክር ጊዜና እውነት ያስፈልጋታል። እኛ ግን ወይ እንዘጋባታለን፣ ወይ እንገፋታለን።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። በየቤታችሁ የሞቱ አክስቶችና አጎቶች በምን እንደሞቱ ጠይቁ፤ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ጻፉት። «ሆዷን አሟት» አይበቃም። በአባት በኩልም ጠይቁ፤ የጡት ካንሰር በእናት በኩል ብቻ ይመጣል የሚለው ስህተት ነው። የምታውቁትን ለሚመለከተው ሰው በሰላሙ ቀን፣ ቁጭ ብላችሁ ንገሩት። ከዚያ ዝም በሉ። መንገር ግዴታችሁ ነው፤ መወሰን የባለቤቱ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶች። የሌላውን በሽታ የደበቀ ምን እንደሚባል ግን ተረት አላገኘሁለትም።

ደሜን ከሰጠሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ውጤቱ ገና አልመጣም። ልጄ የእኔን ውጤት አይታ፣ አማካሪ አነጋግራ፣ በራሷ ጊዜ እንደምትወስን ነግራኛለች። እሺ ብያታለሁ። ባለቤቴ ግን ትናንት ማታ፣ «ውጤቱ መጥፎ ከሆነ እንዴት እንነግራታለን?» አለችኝ።

«ከእኛ ጋር ሆና ትሰማዋለች» አልኳት።